የወር አበባዋ ሊለወጥ ነው፤ አስቀድመን እንንገራት

ይህ መመሪያ ጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች በቤተሰብ ዕቅድ ክፍል ለምትሠሩ ነርሶች፣ አዋላጆችና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ነው። ፋርማሲ ለምትሠሩም ይጠቅማል። የምለው አንድ ነገር ነው። የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚያመጣውን የወር አበባ ለውጥ ሴትዮዋ ከእኛ ትስማ። ዘዴውን ከመውሰዷ በፊት ትስማ።

ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ወረፋው ረጅም ነው። "ምን ልስጥሽ?" "መርፌ።" "ክንድሽን ስጪኝ።" አለቀ። ከሁለት ወር በኋላ ደሙ ይቀራል፣ ወይም አልቆም ይላል። ያን ጊዜ የምትጠይቀው ጎረቤቷን ነው። ጎረቤቷ ደግሞ "ማህፀንሽን ሊያደርቀው ነው" ትላታለች። በቀጠሮዋ አትመጣም። ሌላ ዘዴም አትወስድም። ቀጥሎ የምናገኛት እርግዝና ክትትል ክፍል ይሆናል።

ነገሩ የጥቂት ሴቶች ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተሠራው የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ100 ባለትዳር ሴቶች 41ዱ የወሊድ መቆጣጠሪያ ይጠቀማሉ። 27ቱ መርፌ፣ 9ኙ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበር ኢምፕላንት ነው የሚወስዱት። ሁለቱም የወር አበባን መልክ ይለውጣሉ። ቀድሞ መንገር ለውጥ እንደሚያመጣም ታይቷል። በቻይናና በሜክሲኮ የሦስት ወር መርፌ በሚወስዱ ሴቶች ላይ በተሠሩ ጥናቶች፣ ስለ ደም ለውጡ በደንብ ከተነገራቸው መካከል ያቋረጡት፣ እንደ ወትሮው ምክር ካገኙት ሲነጻጸሩ ከግማሽ በታች ነበሩ። መድኃኒቱ ያው ነው። የተለየው ንግግሩ ብቻ ነው።

1. በሩን ዝጉ፤ መጀመሪያ የራሷን የወር አበባ ጠይቁ

የዘዴ ዝርዝር ከመደርደራችሁ በፊት ሴትዮዋን እወቋት። ብቻዋን አግኟት። አማቷ አብራት ከመጣች "እማማ፣ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን፣ ልመረምራት ነው" ማለት ይበቃል። አፋን ኦሮሞ የሚቀናት ከሆነ በአፋን ኦሮሞ አውሯት። እናንተ ካልቻላችሁ የሚችል ባልደረባ ጥሩ። አብሯት የመጣን ሰው ወይም የሰፈሯን ሰው አስተርጓሚ አታድርጉ። ስለ ደሟ በሰፈሯ ሰው ፊት በግልጽ የምታወራ ሴት የለችም።

ከዚያ እነዚህን ጠይቁ፦

- መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው? በየስንት ቀኑ ይመጣል?
- ስንት ቀን ይቆያል? በቀን ስንት ሞዴስ ወይም ጨርቅ ትቀይሪያለሽ? ያምሻል?
- በመካከል ወይም ከግንኙነት በኋላ ደም ታያለሽ?
- በፊት የወሰድሽው መከላከያ አለ? ለምን ተውሽው?
- ደሙ ቢቀንስ፣ ጭራሽ ቢቀር፣ ወይም የሚመጣበት ቀን ባይታወቅ፣ የትኛው ይከብድሻል?

የመጨረሻውን ጥያቄ በፍጹም አትዝለሉት። መልሱ ከሴት ሴት በጣም ይለያያል። በቡና ለቀማ ወራት ጎማ ወይም ማና ወረዳ ወርዳ ሙሉ ቀን ማሳ ውስጥ የምትውል ሴት ደሙ ቢቀርላት ደስ ይላታል። መጸዳጃው ሩቅ ነው፣ መቀየሪያ ቦታ የለም። በየወሩ ደሟን ስታይ "እፎይ፣ አላረገዝኩም" የምትል ሌላ ሴት ግን ሲቀርባት እንቅልፍ ታጣለች። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ምክር መስጠት አይቻልም።

ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ካላት፣ በተለይ ከግንኙነት በኋላ የምትደማ ከሆነ፣ መርፌ፣ ኢምፕላንት ወይም ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ ሉፕ ከመስጠታችሁ በፊት ትመርመር። አለበለዚያ በኋላ የሚመጣው ደም ከበሽታ ይሁን ከመድኃኒቱ መለየት ያስቸግራል። እስኪጣራ ድረስ ኮንዶም ወይም ኪኒን መጠቀም ትችላለች።

2. የመረጠችው ዘዴ ምን እንደሚያመጣ በቀጥታ ንገሯት

"ትንሽ የወር አበባ መዛባት ሊኖር ይችላል" ብሎ ማለፍ መንገር አይደለም። ምን ዓይነት መዛባት? ለስንት ጊዜ? ከዚያስ? ይህን ትወቅ።

የሦስት ወር መርፌ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ነጠብጣብ ይኖራል፣ ወይም ደሙ ባልታሰበ ቀን ይመጣል፣ አንዳንዴም ረዘም ይላል። እየቆየ ሲሄድ ይቀንስና ይቀራል። አንድ ዓመት ከተጠቀሙት ግማሽ ያህሉ ጭራሽ አያዩም። ካቆመች በኋላ ወር አበባዋ ለመመለስ ወራት ሊወስድ ይችላል። እርግዝናም ሌሎች ዘዴዎችን ካቆሙት በአማካይ 4 ወር ያህል ይዘገያል። ይህን የግድ ንገሯት። በቅርብ ልጅ የምትፈልግ ሴት ይህን ሰምታ ሌላ ዘዴ ብትመርጥ ትክክል ናት።

ኢምፕላንት። ባለ አንድ ዘንጉ ኢምፕላኖን ለ3 ዓመት፣ ባለ ሁለት ዘንጉ ጃዴል ለ5 ዓመት ያገለግላል። እዚህ ላይ ሴቶችን የሚያስቸግረው የደሙ ብዛት ሳይሆን አለመታወቁ ነው። አንዷ ጭራሽ አታይም። ሌላዋ በሁለት ሦስት ወር አንዴ ታያለች። ሌላዋ ደግሞ ለቀናት ነጠብጣብ አይለቃትም። ከኢምፕላኖን ተጠቃሚዎች ከ5ቱ አንዷ ገደማ ደሙ ይቀርባታል፤ ከ5ቱ አንዷ ገደማ ደግሞ ረዘም ላሉ ቀናት ይፈሳታል። የእሷ የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ይህንኑ በግልጽ ንገሯት። "ያንቺ እንዲህ ይሆናል" ብላችሁ ቃል አትግቡ። ብዙዎቹ የመጀመሪያው ዓመት ካለፈ በኋላ ይሻላቸዋል። ሲወጣ የመውለድ አቅሟ ሳይዘገይ ይመለሳል።

የመዳብ ሉፕ። ሆርሞን የለውም። የወር አበባዋ በየወሩ ይመጣል፤ ግን በመጀመሪያዎቹ 3 እስከ 6 ወራት ደሙ በዛ፣ ሕመሙም ጠንከር ሊል ይችላል። ከዚያ እየለዘበ ይሄዳል። በየወሩ ማየት ለምትፈልግ ሴት ጥሩ ምርጫ ነው። ዱሮም ብዙ ለሚፈሳትና ደም ማነስ ላለባት ግን ሌላ ዘዴ ቢታሰብ ይሻላል። ሆርሞን ያለው ሉፕ ሲገኝ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ደሙን በጣም ይቀንሰዋል።

ኪኒን። ሁለት ሆርሞን ያለው ጥምር ኪኒን ከሆነ ደሙ ይቀንሳል፣ ቀኑም ይስተካከላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ነጠብጣብ ቢኖር አያስደነግጥም። ከዚያ በኋላ ነጠብጣብ ከመጣ መጀመሪያ "የዘለልሽው ኪኒን አለ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ፖስት ፒል (ከግንኙነት በኋላ የሚወሰድ የድንገተኛ መከላከያ) ለሚሸጡ የፋርማሲ ባልደረቦች አንድ ቃል። ቀጣዩ የወር አበባ በጥቂት ቀናት ሊቀድም ወይም ሊዘገይ እንደሚችል ለገዢዋ ንገሯት። ከአንድ ሳምንት በላይ ከዘገየ የእርግዝና ምርመራ ታድርግ። በዩኒቨርሲቲው አካባቢ ካሉ ወጣቶች ብዙዎቹ ከባለሙያ ጋር የሚገናኙት በእናንተ መስኮት ብቻ ነው። ሃያ ሰከንድ ስጧቸው።

3. "ደሙ የት ይሄዳል?" ለሚለው ጥያቄ መልስ ይኑራችሁ

ሁሉም አይጠይቁትም፤ ሁሉም ግን ያስቡታል። ደሙ ሆዷ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ወደ ጭንቅላቷ ይወጣል፣ ዕጢ ይሆናል ብላ የምትፈራ ሴት "አይዞሽ ምንም አይልሽም" ስላላችኋት አትረጋጋም። ምክንያቱን ስትሰማ ነው የምትረጋጋው። እንዲህ በሏት፦

"ማህፀንሽ በየወሩ እንግዳ ይመጣል ብሎ ምንጣፍ ያነጥፋል። እንግዳው ሲቀር ምንጣፉን አንስቶ ያወጣዋል። ደም ሆኖ የምታዪው እሱን ነው። መድኃኒቱ ሲኖር ግን ምንጣፉ በጣም ስስ ይሆናል ወይም አይነጠፍም። ስለዚህ የሚወጣ የለም። የተጠራቀመ ደምም የለም።"

ነጠብጣቡንም በዚሁ ማስረዳት ይቻላል። የማህፀን ሽፋን ሲሳሳ ትናንሾቹ የደም ሥሮች በቀላሉ ይደማሉ። ቁስል ወይም በሽታ ስላለ አይደለም።

ከዚያ ሦስት ነገር ጨምሩ። ደሙ ስለቀረ ብቻ አርግዛለች ማለት አይደለም። መሃን አትሆንም፤ ዘዴውን ስታቆም የራሷ የወር አበባ ይመለሳል። ደሙ መቀነሱ ጥቅምም አለው፤ ደም ማነስ ይቀንሳል፣ ቁርጠቱ ይቀላል፣ የሞዴስ ወጪው ይቀራል። ጥቅሙን የምታነሱት ግን እሷ ፍርሃቷን ተናግራ ከጨረሰች በኋላ ይሁን። ቀድማችሁ ካነሳችሁት እያግባባችኋት ይመስላታል፤ ጥያቄዋንም ትውጠዋለች።

መረዳቷን ለማወቅ "ገባሽ?" አትበሏት። ሁሉም "አዎ" ነው የሚሉት። "ጎረቤትሽ ደሜ ቀረ ብላ ብትጨነቅ ምን ትያታለሽ?" ብላችሁ ጠይቋት። በራሷ አፍ ስትናገር የቀረውን ክፍተት ታገኙታላችሁ።

4. ሶላትን፣ ጾምንና ቤተ ክርስቲያንን እናንተ አንሱት

ይህ በመማሪያ መጽሐፋችን ብዙም የለም። ጅማ ላይ ግን ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው። ሙስሊም ሴት የወር አበባ ላይ ስትሆን አትሰግድም፣ አትጾምም፤ የረመዳንን ቀናት በኋላ ትከፍላለች። ኦርቶዶክስ ሴትም ቤተ ክርስቲያን ከመግባትና ከቁርባን ትከለከላለች። አሁን ለ12 ቀን የሚቆይ ነጠብጣብ ያላትን ሴት አስቧት። ልስገድ ወይስ ልተው? ጾሜ ተቆጠረ ወይስ አልተቆጠረም? ለእኛ "ቀላል ነጠብጣብ" የሆነው ለእሷ በየቀኑ የሚያስጨንቅ የእምነት ጥያቄ ነው። ብዙ ሴት ኢምፕላንቷን የምታስወጣው በዚህ ምክንያት ሆኖ ሳለ ለእኛ የምትነግረን "አልተስማማኝም" ብላ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቀድማችሁ ጠይቁ፦ "ደሙ ቀኑን ሳይጠብቅ ቢመጣ ለሶላትሽ ወይም ለጾምሽ ይቸግርሻል?" ከዚያ ሥራችሁን ከሃይማኖት አባቶች ሥራ ለዩ። የእኛ ድርሻ የሕክምናውን እውነት መናገር ነው፤ ይህ ደም ከመድኃኒቱ የመጣ ነጠብጣብ ነው፣ ይህን ያህል ጊዜ ሊቆይ ይችላል፣ በሽታ አይደለም። በእስልምና በወር አበባና ከቀኑ ውጭ በሚፈስ ደም መካከል ልዩነት አለ፤ ሁለተኛው ኢስቲሓዳ ይባላል፣ ሥርዓቱም ሌላ ነው። የእሷ ደም በየትኛው እንደሚቆጠር ግን እኛ አንፈርድም። የምታምነውን ኡስታዝ ወይም የሴቶች አስተማሪ ትጠይቅ። ክርስቲያኗም የንስሐ አባቷን። ስትጠይቅ እንድትናገረው የደሙን ምክንያት በአጭር ቃል አስጠኗት፤ አለበለዚያ የተሳሳተ ነገር ነግራ የተሳሳተ መልስ ይዛ ትመጣለች።

መርፌ ወስዳ ደሟ የቀረላት ሴት ደግሞ ረመዳንን ሳታቋርጥ ጾማ ስትጨርስ ደስ ይላታል። ይህንንም ንገሯት፤ ምርጫዋን ሊለውጠው ይችላል። ረመዳን ሊገባ ሲል ኢምፕላንት ልትጀምር ለመጣች ሴትም የመጀመሪያዎቹ ወራት ደም የማይታወቅ መሆኑን ሳትነግሯት አታሰናብቷት።

5. ባሏ የማያውቅ ከሆነ

"ቤት ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው አለ?" ብላችሁ በቀስታ ጠይቁ። በድብቅ የምትጠቀም ሴት ካለች የደም ለውጡ ራሱ ያጋልጣታል። ደሙ ሲቀር ባልየው "አርግዘሽ ነው?" ይላል። ሲረዝም ደግሞ "ታመሽ ነው?" ይላል። የቀረውን የጾም ቀን ሳትከፍል ስትቀርም አማት ትቆጥራለች። እንዲህ ላለችው ሴት የትኛው ለውጥ ቤት ውስጥ እንደሚያስታውቅ አብራችሁ አስቡ። ኪኒን ቤት ማስቀመጥ አስቸጋሪ ነው። ኢምፕላንት በክንዷ ይዳሰሳል። የመዳብ ሉፕ የወር አበባውን በየወሩ ስለሚያስቀጥል ለአንዳንዷ የተሻለ መደበቂያ ነው። ካርዷን እናንተ ዘንድ አስቀምጡላት። ካልፈቀደች አትደውሉላት።

ባሏን ይዛ መምጣት የምትፈልግ ካለች በደስታ ተቀበሏቸው። የምንጣፉን ነገር ለእሱም ንገሩት። ብዙ ባሎች የሚቃወሙት የሚስታቸው ጤና አሳስቧቸው ነው፤ ምክንያቱን ሲሰሙ ይለዝባሉ። ግን ፈቃዱን እንደ ቅድመ ሁኔታ አትጠይቁ።

6. ቅር ብሏት ተመልሳ ስትመጣ

መጀመሪያ አድምጧት። "ብዬሽ ነበር እኮ" የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። ቀጥሎ ሌላ ምክንያት እንዳይኖር አጣሩ፦ እርግዝና፣ የአባላዘር በሽታ፣ የማህጸን ጫፍ ችግር። የምትወስደውን መድኃኒት ጠይቁ። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን፣ የኤችአይቪ መድኃኒቱ ኢፋቪሬንዝ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆኑት ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን የኢምፕላንትንና የኪኒንን አቅም ይቀንሳሉ።

ደሙ ከወትሮው እጥፍ ከሆነ ወይም ከ8 ቀን በላይ ከቆየ ብዙ ነው ይባላል። ለኢምፕላንት ነጠብጣብ ኢቡፕሮፌን 800 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ ከምግብ በኋላ ለ5 ቀን ለጊዜው ሊያቀልላት ይችላል። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ካለባት አትስጧት። ሌላው አማራጭ ጥምር ኪኒን ለ21 ቀን ነው፤ ደም ግፊት ለሌለባትና ከ6 ወር በታች ልጅ ለማታጠባ። የመዳብ ሉፕ ላላት አስፕሪን አይሰጥም፤ ደሙን ያባብሰዋል። ነጠብጣቡ በኋላ ሊመለስ እንደሚችልም ንገሯት፤ ያላሰበችው ከሆነ መድኃኒቱ አልሠራም ትላለች።

ብዙ ደም ከፈሰሳት ሄሞግሎቢኗን ለኩ፣ የብረት ኪኒን ስጡ። እዚህ ላይ የጅማ ነገር አለ። ቡናና ሻይ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይከለክላሉ። "ቡና ተዪ" ብትሏት የምትተው የለችም፤ መተውም አያስፈልጋትም። ኪኒኑን ከቡናው ሁለት ሰዓት ያህል አርቃ ትውሰድ። በቀን ስንት ጊዜ እንደምትጠጣ ጠይቋትና ሰዓቱን አብራችሁ ወስኑ። ለብዙዎቹ የሚመቸው ከመተኛት በፊት ነው።

ደሟ ቀርቶባት የምትጨነቅን ሴት የእርግዝና ምርመራ አድርጉላት፣ ውጤቱን አሳዩዋት። ርካሽ ነው፤ ከብዙ ንግግር በላይ ያረጋጋታል። የመርፌ ተጠቃሚ ከሆነች ቀጠሮዋን በምታስታውሰው በዓል ወይም የገበያ ቀን አስይዟት፤ ደም የማታይ ሴት ቀኑን ትረሳዋለች። እስከ 4 ሳምንት ዘግይታ ብትመጣም መርፌውን ስጧት።

ኃይለኛ የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ራስ መሳት፣ ወይም እርግዝና ከሆድ ሕመም ጋር ከታየ ጊዜ አታባክኑ። ወደ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል ወይም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ላኳት።

7. "አውጡልኝ" ካለች አውጡላት

መድኃኒቱን ሞክራ፣ ምክሩን ሰምታ፣ አሁንም ካልፈለገች ነገሩ እዚህ ያበቃል። "ሌላ ሦስት ወር ታገሺ" ብሎ መመለስ፣ "እቃው ውድ ነው" ብሎ መገሠጽ ነውር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ኢምፕላኖን በቀበሌ ያስገባሉ፤ ማውጣቱ ግን በአብዛኛው ጤና ጣቢያ ነው። አንዲት ሴት የትራንስፖርት ብር አጠራቅማ፣ ልጅ አዝላ፣ ግማሽ ቀን ተጉዛ መጥታ "ዛሬ አይሆንም" ከተባለች ለሰፈሯ የምታወራው "አንዴ ካስገቡ አያወጡም" የሚል ነው። ያን ወሬ ማንም ምክር አይመልሰውም።

ስለዚህ ስታስገቡ ጊዜ የትና በየትኛው ቀን እንደሚወጣ ካርዷ ላይ ጻፉ። ስታወጡ ደግሞ እርግዝና ካልፈለገች በዚያው ቀን ሌላ ዘዴ ስጧት፤ ኢምፕላንት ወይም ሉፕ ከወጣ በኋላ ወዲያው ልታረግዝ ትችላለች። መዝገቡ ላይ "በራሷ ጥያቄ" ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ደሙ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ምን እንደከበዳት፣ ምን እንደተሰጣት ጻፉ። ከዓመት በኋላ ተመልሳ ስትመጣ በእናንተ ቦታ የምትቀመጠው ባለሙያ ከመጀመሪያው መጠየቅ አያስፈልጋትም።